የበግ ሌጦ ለምን ቱቦ ውስጥ ይጣላል? መንግሥት ለኢንዱስትሪ ምን ማድረግ ነበረበት?

ሰፊው_ከመርካቶ

ሰላም ለሁላችሁም።

በፋሲካ ማግስት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሰፈራችን ያለው የጎርፍ ማፋሰሻ ቱቦ በበግ ሌጦ ተሞልቶ አገኘሁት። ቆሜ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ነው። ውሻ እየጎተተው ነበር። ሽታው ገና አልጀመረም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሰፈሩን ሁሉ ያስጨንቃል።

ልጅ እያለሁ በጉ ተገፎ ሳያልቅ "ቆዳ አለ!" የሚሉ ልጆች በር ላይ ይደርሱ ነበር። እናቴ ትከራከራቸዋለች። አንዱን መልሳ ሌላውን ትጠብቃለች። በዚያ ብር የበዓል ማግስት ወጪ ይሸፈናል። አሁን ማንም አይመጣም። ሰዉ ሌጦውን የት እንደሚጥለው ነው የሚጨነቀው።

እኔ ጫማ ሠሪ ነኝ። ስምንት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ያን ቀን ሱቅ ገብቼ የቆረጥኩት ምን መሰላችሁ? ከቻይና የመጣ ሰው ሠራሽ ቆዳ። ያለቀለት የአገር ውስጥ ቆዳ ለእኔ አቅም ተወዷል። ቤቴ አጠገብ ሌጦ ይበሰብሳል፤ እኔ ፕላስቲክ እሰፋለሁ። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የመንግሥት እጅ የሌለበት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ታክስ ተጣለ። 150 በመቶ ማለት "አትላክ" ማለት ነው። በ2004 ደግሞ ክረስት የሚባለው፣ ለፍቶ ቀለምና ማጠናቀቂያ ብቻ የቀረው ቆዳ ላይም ተጨመረ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ጥሬውን ለጣሊያን ሸጠን ጫማውን መልሰን ከምንገዛ፣ እዚሁ እናልፋው፣ እዚሁ እንስፋው ነው።

እኔ ያኔ በሙሉ ልቤ ደግፌዋለሁ። ዛሬም ሐሳቡ ልክ ነው እላለሁ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ማብቂያ፣ በ2007፣ ከቆዳና ከቆዳ ውጤቶች በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር እናገኛለን ተብሎ ነበር። የተገኘው 130 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ እየወረደ ሄደ።

"መንግሥት እጁን ያውጣ" የሚሉ አሉ። አልስማማም። መንግሥት የውጩን በር ዘጋ፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ ግን ጀምሮ ተወው። የእኔ እምነት ይሄ ነው። እናንተስ? በተለይ በዘርፉ የሠራችሁ ጻፉልኝ።

---

ፍቼ_ቆዳ

ጋሼ ሰፊው፣ ልብ የሚነካ ነገር ነው የጻፍከው። እኔ ከሰላሌ ነኝ። አባቴም እኔም ሌጦ ነጋዴዎች ነበርን። "ነበርን" ነው የምለው፤ አሁን ገብስ ነው የምነግደው።

ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። አንድ ሌጦ ከአርሶ አደሩ በር እስከ ፋብሪካ አራት እጅ ያልፋል። ከገበሬው ወይም ከከተማ ቤት የሚገዛው ልጅ አለ። ከልጁ የሚረከብ አነስተኛ ነጋዴ አለ። ከዚያ መጋዘን ያለው ሰብሳቢ፣ ከዚያ ፋብሪካው። አንዱ ከወጣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። መጀመሪያ የወጣው ያ በር ላይ "ቆዳ አለ!" የሚለው ልጅ ነው።

ለምን ወጣ? ሌጦ እንደ ገብስ አይደለም፤ አይጠብቅም። ከተገፈፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው ካልተነሰነሰበት ፀጉሩ መነቀል ይጀምራል፣ ከዚያ ማንም አይገዛህም። ስለዚህ ሰብሳቢው ለጨው ያወጣል፣ ለመኪና ያወጣል፣ ለመጋዘን ያወጣል። የውጭ ገበያ ክፍት በነበረ ጊዜ ዋጋው ይሄን ሁሉ ይችል ነበር። በሩ ሲዘጋ ገዢው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሆነ። ገዢ ጥቂት ሲሆን ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው።

ዋጋ ብቻ ቢሆን ጥሩ። በዱቤ ነበር የሚወስዱት። እኔ አንድ ፋብሪካ ጋ (ስሙን አልጠራም) አንድ መኪና ሙሉ ሌጦ አስገብቼ ገንዘቤን ያገኘሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። እነሱም ክፋት ይዟቸው አይመስለኝም። ኬሚካል መግዣ ዶላር ሲጠብቁ ማሽናቸው ቆሞ ነበር። ግን የኔ ልጆች ስምንት ወር ሙሉ ይበላሉ። በዚያ ዓመት ተውኩት።

ሌጦው ጨው የሚገዛበትን ያህል ካላወጣ ቱቦ ነው የሚገባው። አንተ የቆጠርከው አሥራ አንዱ እንዲህ ነው እዚያ የደረሰው።

---

ሐኪም_ለከብት

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ወረዳ ላይ ለረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። ፍቼ ስለ ገበያው የተናገረው ትክክል ነው። ከገበያው በፊት ያለውን ግን ላክል።

ዕከክ የምንለው በሽታ አለ። በግና ፍየል ላይ የሚኖሩ ቅማልና መሰል ነፍሳት ቆዳውን ይነክሳሉ፣ እንስሳው ይፋተጋል። በግ ቆሞ ስታየው ጤነኛ ይመስላል። ሌጦውን ስትገዛም ብዙ አይታይህም። ለፍቶ ፀጉሩ ሲወጣ ነው ነጠብጣቡ ብቅ የሚለው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሌጦ ከአንደኛ ደረጃ ወደ አራተኛና አምስተኛ ይወርዳል፣ አንዳንዱም ውድቅ ይሆናል። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ሌጦ በዓለም ላይ ለእጅ ጓንት ተፈላጊ ነው። ስስ ነው፣ ጠንካራም ነው። የባቲ ፍየል ሌጦ የራሱ ስም ያለው ነው። እንዲህ ያለ ሀብት በቅማል ይበላሻል።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። እንስሳውን በዓመት የተወሰነ ጊዜ መድኃኒት ውስጥ መንከር ወይም መርጨት ነው። በሠራሁበት ወረዳ በዘመቻ ስንሠራው ለውጡን በዓይናችን አይተናል። ከዚያ በጀቱ አለቀ፣ ዘመቻው ቆመ፣ ቅማሉ ተመለሰ።

አንድ ገበሬ ያለኝን አልረሳውም። "ዶክተር፣ በጌን የሚገዛኝ ሰው ጀርባውን ዳብሶ ሥጋውን ነው የሚያየው። ለቆዳው አንድ ብር አይጨምርልኝም። ለምን ለመድኃኒት ላውጣ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው። ለጥሩ ሌጦ የሚከፈለው ትርፍ እሱ ጋ አይደርስም።

ከዚያ ደግሞ ቢላዋ። ቤት ውስጥ በሚታረድ በግ ገፋፊው ሲቸኩል ሌጦውን ይበሳዋል። ቄራ ቢሆን ይቀንሳል፤ እኛ ግን በዓልን ግቢያችን ውስጥ ነው የምናርደው። ይሄም ባህላችን ነው፣ አይለወጥም። ስለዚህ ትምህርቱ ወደ ግቢው መምጣት አለበት።

---

ነፃ_ገበያ

ሁላችሁም የምትሉት የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ቅር እንዳትሰኙ፣ በግልጽ ልናገር።

ያ ታክስ ምን አደረገ? የሌጦን ዋጋ በአገር ውስጥ ጣለ። ማን ከሰረ? ገበሬው፣ የከተማዋ እናት፣ ያ ልጅ፣ ፍቼ። ማን ተጠቀመ? በርካሽ ጥሬ ዕቃ ያገኘው ፋብሪካ። ከድሃ ተወስዶ ለፋብሪካ ባለቤት ተሰጠ ማለት ነው። ፋብሪካውም በርካሽ ስላገኘው አልተሻሻለም።

ከቆዳ ውጭም ተመልከቱ። ስኳር ላይ መንግሥት አሥር አዳዲስ ፋብሪካ እሠራለሁ፣ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ አመርታለሁ ብሎ ተነሳ። የዕቅዱ ጊዜ ሲያልቅ ምርቱ ከዚያ ሩቡን እንኳ አልደረሰም፣ ዕዳው ግን ቀረ። ሜቴክ የሚባለው የመንግሥት ድርጅት የአገሪቱ የብረታ ብረት ጀርባ አጥንት ይሆናል ተብሎ በ2002 ተቋቋመ። በ2010 የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ከእጁ ተወሰደ። የባከነው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

እኔ ራሴ ቀበቶና ቦርሳ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነበረኝ። ለመቆለፊያና ለዚፕ ኤልሲ (ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ለማስከፈት ወረፋ ጠብቄ፣ ጠብቄ፣ ደንበኞቼ ሄዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ለእኔ በጣም ዘግይቶ ነበር። እኔን የጎዳኝ የገበያ እጥረት አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ "አንተ ቅድሚያ አለህ፣ አንተ የለህም" የሚል ሰው ነው።

ታክሱ ይነሳ። ጥሬውን የሚሸጥ ይሽጥ። ዋጋ ሲወጣ ቱቦ ውስጥ የሚጥል አይኖርም።

---

የቃኘው_ልጅ_ልጅ

ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አነብ ነበር፤ ይሄ ክር ግን አስጻፈኝ። የምኖረው ደቡብ ኮሪያ ነው። አያቴ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። በኮሪያ ጦርነት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚህ ተዋግተዋል። ቹንቾን ከተማ ያለውን የመታሰቢያ ሐውልት መጀመሪያ ያየሁ ቀን ብዙ አለቀስኩ።

"ኮሪያ ከእኛ ትደኸይ ነበር" የሚባለውን በየቦታው እሰማለሁ። በጣም ድሃ ነበረች፣ ያ እውነት ነው፤ ሴኡል ፈርሳ ነበር። ግን ጦርነቱ ሲነሳ መሬት ለገበሬው ማከፋፈል ጀምራ ነበር። ልጆቿ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። በእኛ አገር "መሬት ላራሹ" አዋጅ ሆኖ የወጣው በ1967 ነው። መነሻውን ማስተካከል ያለብን ይመስለኛል፣ አለበለዚያ ንጽጽሩ ያሳስተናል።

ነፃ ገበያ፣ ወንድሜ፣ ኮሪያ በነፃ ገበያ አላደገችም። ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥልጣን ሲይዝ ባንኮቹን ወሰደ። ያለአግባብ በልጽገዋል ያላቸውን ነጋዴዎች አሰረ፤ ከዚያ ፋብሪካ ትሠራላችሁ ብሎ ለቀቃቸው። ብድር የሚሰጠው መንግሥት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1965 ተራ ብድር በ26 በመቶ ወለድ ሲሰጥ፣ ወደ ውጭ ለሚልክ በ6.5 በመቶ ነበር። ይሄ ቀላል ድጎማ አይደለም!

ግን ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ያን ርካሽ ብድር የሚያገኘው ዕቃውን ውጭ አገር የሸጠ ብቻ ነው። የሚሰጠው በዕቅድ አይደለም፣ በዘመድም አይደለም። በደረሰው ትዕዛዝ ነው። ፓርክ በየወሩ የኤክስፖርት ስብሰባ ይቀመጥ ነበር፤ ሚኒስትሮቹና ነጋዴዎቹ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ። አንዱ "ወደብ ላይ ዕቃዬ ታገተ" ይላል፣ የሚመለከተው ሚኒስትር እዚያው ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ውጭ የሚልኩት 100 ሚሊዮን ዶላር ሲደርስ የኤክስፖርት ቀን ብለው ማክበር ጀመሩ። ምን ይልኩ እንደነበር ታውቃላችሁ? ጨርቃ ጨርቅ፣ ጣውላ፣ ከሴቶች ፀጉር የተሠራ ዊግ። ፀጉር ሰብሳቢው በየመንደሩ ይዞር ነበር። እንደ እኛ "ቆዳ አለ!" ባይ ልጆች ማለት ነው። ልዩነቱ ያ ሰብሳቢ አልጠፋም፤ ከላይ ያለው ገዢ ውጭ የሚሸጥበት ምክንያት ነበረው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ፖስኮ የሚባለው የብረት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመሠረት የዓለም ባንክ አያዋጣም ብሎ ነበር። ገንዘቡ የተገኘው ጃፓን ስለ ቅኝ ግዛቱ ከከፈለችው ነው። ኃላፊው ፓርክ ቴ ጁን ሠራተኞቹን ሰብስቦ "ይሄ የአባቶቻችን ደም ዋጋ ነው፤ ካልተሳካልን ወደ ቀኝ ዞረን ባሕር እንገባለን" ይላቸው እንደነበር እዚህ ሁሉም ሰው ይተርከዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ብረት ማምረት ጀመረ። እኛም ከጣሊያን የጦር ካሣ ነበረን። ቆቃ ግድብና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠሩት በዚያ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው የፋብሪካውን ፊሽካ ያስታውሳል፤ ከተማዋን ያሳደጋት እሱ ነው። ግን ያ ፋብሪካ ጨርቁን ውጭ አገር ካልሸጠ ይዘጋል ያለው ማንም አልነበረም። ስለዚህ ማሽኑ አረጀ፣ ጨርቁም ያው ጨርቅ ሆኖ ቀረ።

ቆዳ ላይ ፋብሪካዎቹ በርካሽ ሌጦ ተሰጣቸው። በምላሹ ምን ተጠየቁ? የምትመልሱልኝ ካላችሁ ማወቅ እፈልጋለሁ።

---

ሰፊው_ከመርካቶ

የቃኘው ልጅ ልጅ፣ አያትህን እግዚአብሔር ያክብራቸው። "በምላሹ ምን ተጠየቁ?" ያልካት ጥያቄ ውስጤ ገብታለች። እስከ ምሽት ድረስ እየሰፋሁ ሳስባት ዋልኩ።

ነፃ ገበያ፣ ስለ ኤልሲው የጻፍከው አሳዝኖኛል፤ ብዙ ጎረቤቶቼ በዚያው ወድቀዋል። ግን ታክሱን ብቻ ብናነሳው ሌጦው ጣሊያን ይሄዳል እንጂ ወደ እኔ አይመጣም። ቱቦው ይጸዳል፤ እኔ ያው ፕላስቲክ እሰፋለሁ።

---

ከስፌት_መስመር

ስለ ፋብሪካና ስለ ገበሬ ተነጋገራችሁ። ስለ ሠራተኛዋ ማንም አልተናገረም፤ እኔ ልናገር።

10ኛ ክፍል ጨርሼ ከገጠር ወደ አንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሕንፃው ያምራል። መብራቱ፣ መንገዱ፣ የውኃ ማጣሪያው ሁሉ ተሟልቷል። እኔ ግን የምተኛበት ቦታ አልታሰበበትም። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። እኛ በብዛት ስንመጣ የከተማው ኪራይ ናረ። ማታ ከሥራ ስንወጣ ጨለማ ነው፣ በመንገድ ላይ ጥቃት የደረሰባቸው እህቶች አሉ። ከኪራይና ከምግብ በኋላ ለእናቴ የምልከው አይተርፍም ነበር። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ዓመት ሳይሞሉ ወጡ። አንዳንዷ ቤቷ ተመለሰች፣ አንዳንዷ ወደ ዓረብ አገር ሄደች።

ከዚያ "ሠራተኛው አይጸናም፣ ዲሲፕሊን የለውም" ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። በጣም አመመኝ። ሰው እንዴት ይጽና?

በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል ግን አላየንም።

ሆኖም ጠላሁት አልልም። የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን እዚያ ተማርኩ። ጥራት መቆጣጠር፣ ሰዓት ማክበር፣ አንድ ሸሚዝ በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ ተማርኩ። ዛሬ በአንድ አነስተኛ ወርክሾፕ የመስመር ኃላፊ ነኝ። ፓርኩ ባይኖር ይሄን አላገኝም ነበር። ስለዚህ "ይዘጋ" የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ እቆጣለሁ።

---

የቃኘው_ልጅ_ልጅ

እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ሁሉ ስለ ኮሪያ ስጽፍ የሠራተኞቹን ነገር መዝለል አልነበረብኝም። የዚህ አገር ዕድገት በእነሱ ጫንቃ ላይ ነው የቆመው። ሴኡል ውስጥ ፒዮንግህዋ የሚባል የልብስ ገበያ አለ። ጣሪያቸው ዝቅ ባሉ ክፍሎች ውስጥ ልጃገረዶች ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ይሰፉ ነበር። ጆን ቴ ኢል የሚባል የ22 ዓመት ሠራተኛ የሠራተኛ ሕጉ ይከበር ብሎ ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ሰሚ ሲያጣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1970 በዚያ ገበያ በር ላይ ራሱን አቃጠለ። ዛሬ በቦታው ሐውልቱ ቆሟል።

ያ መንግሥት ለነጋዴው ጆሮ ነበረው፣ ለሠራተኛው ግን አልነበረውም። ይሄን ክፍል እንድንቀዳ አልፈልግም።

---

ዳላስ_ነኝ

እዚህ አሜሪካ አንድ ጊዜ ሸሚዝ ስገዛ አንገቱ ላይ "በኢትዮጵያ የተሠራ" የሚል አየሁ። መደርደሪያው ሥር ቆሜ ለማላውቀው ሰው አሳየሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

አጎዋ የሚባለው ከቀረጥ ነፃ የመግቢያ ዕድል ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ለኢትዮጵያ ተቋረጠ። ሐዋሳ ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመርቆ፣ በጥቂት ዓመት ከ30,000 በላይ ሰው ቀጥሮ ነበር። ፒቪኤች የሚባለው ትልቁ ገዢ ኩባንያ ከመቋረጡ ከአንድ ወር ተኩል በፊት ፋብሪካውን ዘጋ። እህቴ ከስፌት መስመር እንደነገረችን ዓይነት ልጆች ያኔ ሥራቸውን ያጡት በእነሱ ጥፋት አይደለም። መንግሥት ለኢንዱስትሪ የሚያደርገው ትልቁ ነገር ሰላም ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ነው።

---

ሞጆ_ዳር

እኔ የሞጆ ልጅ ነኝ። በከተማችን ብዙ ቆዳ ፋብሪካ አለ። "የቆዳ ከተማ" ይሠራል ሲባል ደስ ብሎን ነበር።

አያቴ ከወንዙ ይጠጡ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ዛሬ ከብት እንኳ ወንዙን ሲሸት ይመለሳል። ቆዳ ሲለፋ ክሮምና ሰልፋይድ የሚባሉ ኬሚካሎች ይወጣሉ። ያ ውኃ ሳይጣራ ከተለቀቀ ሞጆ ወንዝ፣ ከዚያ ቆቃ ይገባል። በዚያ ውኃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ ያ አትክልት አዲስ አበባ ገበያ ላይ ነው ያለው።

ሐዋሳ ላይ ቆሻሻ ውኃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ በጋራ ተሠርቷል። ሐይቁን ስለፈሩለት ጥሩ አደረጉ። ለሞጆ ወንዝስ? አንድ ፋብሪካ ብቻውን ማጣሪያ ልሥራ ቢል ወጪው ያከስረዋል። ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ ማጣሪያ መሥራት ግን የመንግሥት ሥራ ነው። ገበያው አይሠራውም፤ ነፃ ገበያ ወንድማችን እዚህ ላይ ምን ይላል?

---

ነፃ_ገበያ

ሞጆ ዳር፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ወንዝ የጋራ ነው፣ የጋራ ነገር መንግሥት ይጠብቅ። የእንስሳት ሐኪሙ ያነሳው ዕከክም እንደዚያው ነው። የእኔን በግ ብነክረው የጎረቤቴ ቅማል ይመለስብኛል። ይሄን ሁለቱን እቀበላለሁ።

የኮሪያው ታሪክ ግን አላሳመነኝም። ብድር ሰጪው መንግሥት፣ ፈታኙ መንግሥት፣ ቀጪውም መንግሥት። እዚያ ሠራ እንበል። እኛ አገር ግን ብድር የወሰደው ሰው ሳይሳካለት ሲቀር ብድሩ ይራዘምለታል እንጂ መች ይወሰድበታል? ስልክ ይደወላል፣ ነገሩ ያልቃል። ፈተናውን የሚፈትነው ሰው ራሱ ካልተፈተነ ምን ዋጋ አለው?

---

የቃኘው_ልጅ_ልጅ

ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። የማውቀውን ያህል ልመልስ። በኮሪያ ፈተናውን የሚያርመው የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም፤ የውጭ ገዢ ነበር። ዕቃህን አሜሪካዊው ገዝቶታል ወይስ አልገዛውም? የባንክ ወረቀቱ ይናገራል። ስልክ ተደውሎ አይቀየርም።

የእኛው አበባም ትንሽ እንደዚህ ነበር። ልማት ባንክ ለአልሚው 70 በመቶ አበደረ፣ መሬት ተሰጠ፣ አየር መንገዱ ጭነቱን አመቻቸ። አበባው ሆላንድ ደርሶ ካልተሸጠ ግን ጨዋታው አለቀ። የከሰሩ ብዙ ናቸው፤ የቀሩት ግን ኢትዮጵያን በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ አበባ ላኪ አደረጓት። አበባ አልሚዎቹ ማኅበር ነበራቸው፣ የሚጎድላቸውን በአንድ ድምፅ ይጠይቁ ነበር። ሌጦ ሰብሳቢው ልጅ ማኅበር የለውም።

---

ፍቼ_ቆዳ

"ሌጦ ሰብሳቢው ልጅ ማኅበር የለውም።" ወንድሜ፣ ይቺን ዓረፍተ ነገር አባቴ ቢያነባት ደስ ይለው ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ለስብሰባ የጠራን የለም። ስለ እኛ ተወስኖ በሬዲዮ ነው የምንሰማው።

አንድ የድሮ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ቆዳ የሚያለፋ ሰው "ፋቂ" እየተባለ ይሰደብ ነበር። አንጥረኛውም ሸማኔውም እንደዚያው። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ቀረ ማለት ይቻላል፣ ንቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀንም። ሌጦ ነጋዴ መሆኔን ስናገር ፊታቸውን የሚያዞሩ ነበሩ።

---

ሰፊው_ከመርካቶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከዚህ ክር ብዙ ተማርኩ።

አሁን እኔ ብጠየቅ የምለው ይሄ ነው። ታክሱ በአንድ ቀን አይነሳ፣ ግን ዋጋ ይከፈልበት። በርካሽ ሌጦ የሚያገኝ ፋብሪካ በዓመት ስንት ያለቀለት ቆዳ ውጭ እንደሸጠ፣ ለአገር ውስጥ ጫማ ሠሪም ስንት እንዳቀረበ ይታይ። ያላደረገው ዕድሉን ለሌላ ይልቀቅ። ከታክሱ የሚገኘው ገንዘብ፣ ካለ፣ ለዕከክ መድኃኒትና ለሞጆ ማጣሪያ ይዋል። በ2003 ነሐሴ መለስ ዜናዊ ሼንዘን ሄደው የጫማ ፋብሪካ ባለቤት አነጋገሩ፤ በጥር ዱከም ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። አምስት ወር! ሠራተኞቹ ቻይና ሄደው ሠልጥነው መጡ። መንግሥት ሲፈልግ እንደዚያ ይፈጥናል። ያን ፍጥነት ለዕከክም አይቼው ባልፍ ምኞቴ ነው።

እስከዚያው ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። አረፋ እየመጣ ነው። እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው የሚኖረው። ለእድሩ ተናግሬ ሌጦውን በአንድ ቦታ ልንሰበስብ ተስማምተናል። ፍቼ፣ የሚረከበን ፋብሪካ ታገኝልኛለህ? እጅ በእጅ የሚከፍል ይሁን። ሐኪም፣ ጨው ስንት ልግዛ?

---

ፍቼ_ቆዳ

ጋሼ፣ ሁለት የማምናቸው አሉ። ነገ እደውልልሃለሁ። መኪናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ የድሮ ሸራዬ አሁንም አለ።

---

ሐኪም_ለከብት

ለአንድ የበግ ሌጦ አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ ጨው ያዙ። ደቃቅ ይሁን፤ ድንጋይ የሆነው አይገባም። መጀመሪያ የተረፈውን ሥጋና ሞራ አንሱለት፣ ደሙን በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ አንጠፍጥፉት። ከተገፈፈ አራት ሰዓት ሳይሞላው ጨው ይንካው። ጫፎቹን አትርሱ፣ እግሩና አንገቱ ጋ ነው መበስበስ የሚጀምረው። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ጥላ ባለበት፣ ትንሽ ዘንበል ባለ ወለል ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሩት፤ ሥጋው የነበረበት ወገን ወደ ላይ ይሁን።